የኩላሊቱ ባለቤት

መጥፎ ወሬ በመደበቅ እኔን የሚስተካከል ሐበሻ እስካሁን አልተፈጠረም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ እሺ፣ ለጉራም ነው። ደቡብ ሱዳን ገና አገር ሳትሆን ጁባ በነበርኩበት ዘመን ከአዲስ አበባ የሚመጣ መርዶ ሁሉ መጀመሪያ የሚያርፈው እኔ ጋ ነበር። ኤርፖርት ጭነት ክፍል ስለምሠራ አውሮፕላን ያመጣውን ሁሉ የምረከበው እኔ ነበርኩ፤ ቲማቲሙንም፣ መለዋወጫውንም፣ መርዶውንም። እናቱ የሞተችበትን አንድ ልጅ ሽማግሌ እስኪሰበሰብ ድረስ ሳምንት ሙሉ ሳስቀው ከርሜ፣ በመጨረሻ ሲነገረው «ደሬ፣ ይሄም ቀልድህ ነው?» ብሎኛል። ፊቴ ላይ ሐዘን የሚባል ነገር በጉምሩክ ፍተሻ እንኳ አይገኝም ነበር።

እንግዲህ ይህን ያህል ዝነኛ የነበረው ሰውዬ ባለፈው ዓመት መርዶ እንዴት እንደደረሰው ስሙ። አዲስ አበባ፣ ፀጉር ቤት ተቀምጬ፣ ግማሽ ፊቴ ተላጭቶ ግማሹ አረፋ እንደለበሰ ስልኬ ጠራ። ቤቲ ናት፣ ከሐዋሳ።

«ጋሼ ደሬ፣ እማዬ ሞተች። ዛሬ ጠዋት።»

በቃ። ሽማግሌ የለ፣ ጎህ ሲቀድ በር ማንኳኳት የለ፣ «እስኪ ቁጭ በል» የለ።

«የትኛዋ እማዬ?» አልኳት፤ ሁለት እናት ያላት ይመስል።

«በቀን በብርሃን ንገሩት፣ እንዳትደብቁት ብላ ነው» አለችና ማልቀስ ጀመረች። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ወደ ላይ ይዞ ቆሞ ቀረ። እኔም ከነአረፋዬ ወጣሁ።

እትዬ ሙሉ፣ የቤቲ እናት፣ የአክስቴ ልጅ ናት። የእሷ እናትና የእኔ እናት እህትማማቾች ነበሩ። በዕድሜ ስለምትበልጠኝ ከልጅነቴ ጀምሮ እትዬ እያልኩ ነው ያደግሁት፤ ጁባ ስንገናኝ ግን የከተማው ሐበሻ ሁሉ ከእኔ ቀምቶ እትዬ አላት። የአገሬው ሰው ደግሞ ማማ ሙሉ ይላታል። ባሏ ከሞተባት በኋላ አንዲት ልጇን ቤቲን ሐዋሳ የባሏ እናት ዘንድ ትታ መጥታ፣ ሀይ ጀላባ በሚባለው የጁባ ሰፈር ውስጥ ጄኔሬተር የምትሸጥበትና የምታስጠግንበት የቆርቆሮ ሱቅ ከፈተች። ያኔ ጁባ ውስጥ መብራት ማለት ጄኔሬተር ማለት ነበር። ሱቋ በር ላይ የተደረደሩት በአንድ ጊዜ ሲነሡ ወንዙ ውስጥ ያሉት ጉማሬዎች ጆሯቸውን ይዘው ወደ ኡጋንዳ ይሰደዱ ነበር። ካላመናችሁ ጉማሬዎቹን ጠይቁ።

በዚያ ሁሉ ጩኸት መሃል የምትሰማው እሷ ብቻ ናት። የታመመ ጄኔሬተር ሲመጣላት መዳፏን እንደ ትኩሳታም ልጅ ግንባር ክዳኑ ላይ ታሳርፍና ዓይኗን ትጨፍናለች። ከዚያ ለባለንብረቱ አንድ ጥያቄ ትጠይቃለች፦

«የፋብሪካ ነው ወይስ የአያያዝ?»

ሰው ሁሉ «የፋብሪካ ነው!» ይላል።

«እንግዲያው ከዚህ ጋር ባንድ ጭነት የመጡት ሁሉ ይምጡልኝ። የፋብሪካ ከሆነ እነሱም ላይ አለ።»

ይሄኔ አብዛኛው ደንበኛ ዘይት ሳይቀይር ዓመት ሙሉ እንደነዳው ይናዘዛል።

ጴንጤ ስለሆነች አትሳደብም። ስትናደድ ትባርካለች። ጥርሷን ነክሳ «ተባረክ!» ካለችህ ከዚያ በላይ የሚያሳፍር ስድብ በአማርኛም በአረብኛም የለም። እኔ በሕይወቴ እንደተባረክሁት አብርሃምም አልተባረከም። ሌላው ጠባይዋ የዋጋ ክርክር ፍቅሯ ነው። አንድ ሰው የተጠራለትን ዋጋ ዝም ብሎ ከከፈለ የናቃት ይመስላታል። «ምነው፣ ሰው አልመስልህም?» ትለዋለች። የኮንስትራክሽን ሰዎች፣ በተለይ አንድ ወፍራም ሐበሻ ኮንትራክተር፣ ጠዋት መጥተው ለምሳ እረፍት ወጥተው ተመልሰው ሲከራከሯት ይውላሉ። በመጨረሻ «ካላስ፣ አለቀ!» ብላ ጉልበቷን በጥፊ ስትመታ ፊቷ እንደ ሙሽራ ይበራል።

የደቡብ ሱዳን የነፃነት ሪፈረንደም ዓመት ገደማ ሲቀረው ነው። አንድ ቀን ኤርፖርት ድረስ መጥታ ጆሮዬ ላይ «ደሬ፣ ሽንቴ ቀይ ስር የተቀቀለበት ውኃ መስሏል» አለችኝ። ኮር ዊሊያም ሰፈር አንድ የእርዳታ ድርጅት ክሊኒክ ውስጥ ወደሚሠራ የአገራችን ልጅ፣ ዶክተር ሄኖክ፣ ወሰድኳት። በአልትራሳውንድ አያት። ለእሷ «ትንሽ ነገር አለ፣ ውጤቱን እንነግርዎታለን» ብሎ ሸኛትና በማግስቱ ደውሎ ክሊኒኩ የጠራው እኔን ነው።

«ቀኝ ኩላሊቷ ላይ ሎሚ የሚያህል ዕጢ አለ» አለኝ። «ካንሰር ይመስለኛል። ግራው ላይም ትናንሽ ነገሮች ይታያሉ።»

«ነገርካት?»

«አንተ ወንድሟ አይደለህ? ለዚያ አይደል የጠራሁህ?»

ሁለት ትልልቅ ወንዶች ተያየን። ሁለታችንም በአገራችን ወግ ያደግን ነን፤ እንዲህ ያለ ነገር ለበሽተኛው አይነገርም፣ ለዘመድ ነው የሚነገረው። ዘመድ ደግሞ ሽማግሌ ይሰበስባል። እኔም እሑድ እሑድ ግቢዋ ውስጥ የሚጸልየውን ኅብረት የሚመሩትን ጋሽ ታምሩንና ሌሎች ሁለት ሰዎችን ሰበሰብኩ። ቡሉክ ሰፈር፣ እኔ በምኖርባት ኮንቴይነር ውስጥ፣ ላባችን እየተንጠባጠበ ተመካከርን። «የኩላሊት ጠጠር ነው እንበላት» ተባለ። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ። እኔ ደግሞ እንዳትተክዝ የማሳቅ ሥራ ተሰጠኝ። ደስ አለኝ ብል አታምኑኝም፤ ግን በሕይወቴ ከተሾምኩባቸው ሹመቶች ሁሉ የሚመጥነኝ እሱ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ሥራዬን ጀመርኩ። በየቀኑ ሱቋ ሄጄ ጠጠር ላይ እቀልዳለሁ። «ጁባ መንገድ ሲሠራ የእትዬ ሙሉ ጠጠር ለኮረት ተፈልጓል» እላለሁ። «መንግሥት ከነጄኔሬተርሽ ሊከራይሽ ነው» እላለሁ። መጀመሪያ መጀመሪያ ትስቃለች፤ ስትስቅ ደግሞ አጠገቧ ያለውን ሰው ትከሻ ስለምትመታ ትከሻዬ በልዞ ነበር። ከዚያ ምቱ እየቀለለ መጣ። ልብ አላልኩም።

ወሬው ደግሞ ከኮንቴይነሩ ወጥቷል። ባንክ ያሉት ሰሙ፣ አየር መንገድ ያሉት ሰሙ፣ የኮንስትራክሽን ካምፑ በሙሉ ሰማ። ሁሉም ምስጢር ነው ተብሎ ነው የተነገረው፤ ስለዚህም ሁሉም ምስጢሩን ጠብቆ ለሌላው በምስጢር ነገረ። ሐበሻው ሁሉ ሱቋ እየመጣ «እንዴት ነሽ እትዬ ሙሉ፣ ጠጠሩ እንዴት ነው?» ይላል፤ ዓይኑ ግን ቀብር ላይ የቆመ ሰው ዓይን ነው።

ዶክተር ሄኖክ ናይሮቢ ካለ የቀዶ ሕክምና ሐኪም ጋር ተጻጻፈ። ሐኪሙ ቀኙ ኩላሊት ሙሉ በሙሉ ይውጣ አለ። ሄኖክ ግን ግራው ላይ ያሉት ትናንሾቹ ነገሮች እንቅልፍ ነሱት። «ቀኙን አውጥተን ነገ ግራው ቢበላሽስ?» አለኝ። «ጁባ ውስጥ የኩላሊት እጥበት አለ? የለም። መጀመሪያ የዕጢውን ጂን ማስመርመር አለብን። ከዕጢው ቁራጭ ይወሰዳል፣ ደም ይወሰዳል፣ በናይሮቢ በኩል ውጭ አገር ይላካል። ግን ደሬ፣ የቤተሰቧን ታሪክ ልጠይቃት ነው። ደግሞ ምን እንደሚመረመር ሳታውቅ፣ እሺ ሳትል ደሟን ልልክ አልችልም።»

«ለእኔ ተወው» አልኩት። «ሳታውቀው እሺ አስብላታለሁ።»

እንግዲህ አስቡት፤ ይህን ያልኩት ደረቴን ነፍቼ ነው።

ሱቋ ሄድኩና «ዶክተሩ የጠጠሩን ዘር ማወቅ ፈልጓል» አልኳት።

«ጠጠር ዘር አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ! የአዳማ ጠጠር አለ፣ የጅማ ጠጠር አለ፣ ያንቺ ያው ከሐዋሳ ሳይሆን አይቀርም።»

አየችኝ። ረጅም አስተያየት ነበር። ከዚያ ጨርቅ አንሥታ እጇን ጠረገችና «እሺ፣ እንሂድ» አለች።

ክሊኒኩ ውስጥ ሄኖክ ዓይኗን ማየት አቅቶት ጠረጴዛውን እያየ ጠየቃት። እናትዎ በምን ሞቱ? «ወገቤን ስትል ከርማ፣ በመጨረሻ ደም እየሸናች።» ወንድም እህት? «አንድ ወንድም ነበረኝ። እሱም እንደዚያው፣ ገና በጎልማሳነቱ።» ሌላ ዘመድስ?

እትዬ ሙሉ ወደ እኔ ዞረች። «የእሱ እናት አለች እንጂ። ንገረው ደሬ።»

እናቴ የሞተችው ልክ እንደ እናቷ ነው። የመጨረሻዎቹን ወራት አልጋዋ ሥር የነበረውን ፖፖ የምደፋው እኔ ነበርኩ፤ የውኃውን ቀለም አስታውሳለሁ። አፌን ስከፍት ግን የወጣው ሌላ ነው።

«እናቴማ የእኔን ቀልድ መስማት ሰልችቷት ነው የሞተችው።»

ሄኖክ ከንፈሩን ነከሰ፤ ሳቅ አምልጦት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። እትዬ ሙሉ አልሳቀችም። መዳፏን አነሣችና ጉልበቴ ላይ አሳረፈችው፤ ልክ እንደ ጄኔሬተር ክዳን።

«ደሬ፣ እስኪ አንዴ ጥፋ። ልስማበት።»

ጠፋሁ። እሷ ወደ ዶክተሩ ዞረች።

«ካንሰር ነው፣ አይደል?»

«ማን ነገረሽ?» ያልኩት እኔ ነኝ። ይህን ጥያቄ የጠየቀ ምስጢር ጠባቂ በታሪክ እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

«ሁላችሁም ናችሁ የነገራችሁኝ! ያ ወፍራሙ ኮንትራክተር ባለፈው ሳምንት መጣ። ዋጋ ጠራሁለት። አልተከራከረኝም! ቆጥሮ ከፈለና ‹እግዚአብሔር ይማርሽ› ብሎኝ ሄደ። በማግስቱ የባንኮቹ ልጆች፣ እነሱም ዝም። ጁባ ውስጥ ሳይከራከር የሚከፍል ሐበሻ አይቼ አላውቅም፤ ያን ጊዜ መሞቴ ገባኝ። ከተማው በሙሉ ያውቃል። የማታውቀው የኩላሊቱ ባለቤት ብቻ ናት። ተባረኩ! ሁላችሁም ተባረኩ!»

ሄኖክ ብድግ ብሎ «ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ ሙሉ» አለ።

«ተቀመጥና ንገረኝ። የፋብሪካ ነው ወይስ የአያያዝ?»

ልጁ መጀመሪያ ግራ ገባው። ከዚያ ሲገባው ፊቱ ተፈታ። «እሱን ነው ለማወቅ የምንፈልገው» አለ። «ከዕጢው የተወሰደውና ከደምዎ የተወሰደው ይነጻጸራል። ጂኑ የተበላሸው ዕጢው ውስጥ ብቻ ከሆነ፣ በኋላ የመጣ ነው። ያን ጊዜ ቀኙን ኩላሊት አውጥተን እንገላገላለን። ደምዎ ውስጥም ከተገኘ ግን ሲወለዱ ይዘውት የመጡት ነው። እንዲያ ከሆነ ግራውም ነገ ሌላ ያበቅላል። ስለዚህ ኩላሊት አይወጣም፤ ዕጢው ብቻ ተቆርጦ የተረፈው ሁሉ እንደ ዓይን ብሌን ይጠበቃል።»

«ባንድ ጭነት የመጡትስ?»

«እነሱም መታየት አለባቸው። ልጅዎ። ደረጄም።»

ሁለቱም አዩኝ። እኔ በመስኮት የሚያልፍ ቦዳ ቦዳ፣ የኪራይ ሞተር ብስክሌት፣ ላይ አንድ ትልቅ ጉዳይ ያገኘሁ ይመስል አንገቴን አሰገግኩ።

ናይሮቢ ሄዳ ቁራጩ በመርፌ ተወሰደላት፣ ደሟም ተላከ። መልሱ ሲመጣ ብልሽቱ ዕጢው ውስጥም ደሟ ውስጥም ተገኘ። ሐኪሙ ሐሳቡን ለወጠ፤ ዕጢውን ብቻ ቆርጦ አወጣ፣ የቀረውን ኩላሊት ሰፍቶ ተወላት። ያ ምርመራ ባይኖር አንዱን አጥታ ሌላው እስኪከዳት ትጠብቅ ነበር። ሁለት ኩላሊት ይዛ ሄዳ ሁለት ኩላሊት ይዛ ተመለሰች፤ አንደኛው ትንሽ ቢጎድልም።

በተመለሰች በመጀመሪያው እሑድ ኅብረቱ ፊት ብድግ አለች። ጋሽ ታምሩ «ጠጠሯን ያወጣላት አምላክ…» ብለው ጀምረው ነበር።

«ጋሽ ታምሩ፣ ጠጠር አይደለም። ካንሰር ነው። ስሙን ጥሩት፣ ስድብ አይደለም» አለቻቸው። «በዘር የመጣ ነው። ጸልዩልኝ፣ ግን እያወቅሁ ጸልዩልኝ። ደግሞ ከነገ ጀምሮ ሳይከራከር ለሚከፍለኝ ሰው ዕቃ አልሸጥም።»

በማግስቱ ወፍራሙ ኮንትራክተር ጠዋት መጣ። ምሳ ሰዓት ላይ «እትዬ ሙሉ ሐራም ነው ይሄ ዋጋ!» እያለ እጁን እያወናጨፈ ነበር። እሷ ፋሻዋን በአንድ እጇ ደግፋ ትጮህበታለች። እንደዚያ ቀን ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም።

ከዚያ የቤቲ ተራ መጣ። ልጅቱ ሁለተኛ ደረጃ እየጨረሰች ነበር። እኔ ፈተናዋን ትጨርስ፣ ትንሽ ትቆይ፣ በሽማግሌ ይሁን አልኩ።

«ብትደነግጥስ? ብታለቅስስ?»

«ካለቀሰች አብሬያት አለቅሳለሁ። ስልክ ላይ አለሁ አይደል?»

ጄኔሬተሮቹን ሁሉ አስጠፋች። ሀይ ጀላባ እንዲያ ፀጥ ሲል ጎረቤት ያሉት ነጋዴዎች መፈንቅለ መንግሥት መስሏቸው በር በሩን ወጡ። እሷ ካርቶን ላይ ተቀምጣ፣ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ፣ «ቤቲዬ፣ ካንሰር አለብኝ። ከእናቴ የመጣ ነው። አንቺም ላይ ሊኖር ይችላል፣ ላይኖርም ይችላል። ስለዚህ ትታያለሽ» አለቻት። ከወዲያ በኩል ምን እንደተባለ አልሰማሁም። ለረጅም ጊዜ ሁለቱም አለቀሱ። ከዚያ እትዬ ሙሉ በእንባዋ መሃል ሳቀችና አጠገቧ ሰው ስለሌለ ካርቶኑን መታች። እኔ የት ነበርኩ? በሩ ላይ ቆሜ ለነጋዴዎቹ «ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም» እያልኩ እቀልድ ነበር።

ቤቲ አዲስ አበባ ሄዳ ታየች። አንዲት ትንሽ ነገር ተገኘባት፤ በየጊዜው እየታየች ቆይታ በኋላ ስታድግ ዕጢዋ ብቻ ተቆረጠላት። ዛሬ አስተማሪ ናት።

ያን ዓመት እኔም ፈቃድ ወጥቼ አዲስ አበባ ሄድኩ። እትዬ ሙሉ ራሷ ናት ቀጠሮ ያስያዘችልኝ። ስመለስ ኤርፖርት ድረስ መጥታ ጠበቀችኝ።

«ታየህ?»

«ታየሁ! ሐኪሙ ‹እንዲህ ያለ ኩላሊት ለሙዚየም ነው› ብሎ ሊያስቀረኝ ነበር፤ በልመና ነው የመለሰልኝ።»

ትስቃለች ብዬ ትከሻዬን አዘጋጀሁ። አልሳቀችም። አንገቴ ላይ ተጠምጥማ፣ ሠራተኞቼ ሁሉ እያዩ፣ ስቅስቅ ብላ አለቀሰች። በእሷ ሕመም እንኳ እንዲያ ስታለቅስ አላየኋትም። እሑድ ዕለት ኅብረቱ ፊት አስነሣችኝ። ስለ ኩላሊቴ ምስጋና ቀረበ። ሰዉ አጨበጨበ፣ ሴቶቹ እልል አሉ፣ ጋሽ ታምሩ እጃቸውን ጀርባዬ ላይ፣ በግምት ኩላሊቴ ያለበት ቦታ ላይ ጭነው ባረኩኝ። እኔም ሁለት እጄን ዘርግቼ ከሁሉም በላይ ጮኼ አሜን አልኩ።

አገሪቱ ነፃ ከወጣች በኋላ ሁላችንም በየፊናችን ተበታተንን። እትዬ ሙሉ ሐዋሳ ገባች። ከዓመታት በኋላ በሽታው ሳንባዋ ላይ ወጣ። የዕጢው ዓይነት ከነጂኑ ቀድሞ ስለታወቀ ሐኪሞቹ የዕጢውን የደም ሥር የሚዘጋ ኪኒን መረጡላት። መዳፏ ተላጠ፣ አፏ ቆሰለ፤ ኪኒኑን ስትውጥ «ተባረክ!» ትለው እንደነበር ቤቲ ነግራኛለች። ያም ሆኖ ዓመታት ሰጣት፤ ቤቲን አስመርቃለች፣ ድራለች። በደወልኩ ቁጥር የመጀመሪያ ቃሏ «በየዓመቱ እየታየህ ነው?» ነበር። «እየታየሁ ነው እትዬ።» «ተመስገን። ቤቲን የምታጽናናት አንተ ነህ።»

ለቅሶው ላይ ቤቲ መጥታ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ አብጧል። እጄን ያዘችና «አንተ እንኳን ነፃ ሆንክ፣ ጋሼ» አለችኝ። «እማዬ እስከ መጨረሻው በስምህ ታመሰግን ነበር።»

«ተመስገን» አልኳት።

አልታየሁም። ያኔ የተያዘልኝ ቀጠሮ ቀን ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት ያለ ጁስ ቤት ገብቼ፣ አቮካዶ ጁስ ጠጥቼ፣ ሰዓቱ ሲያልፍ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህም አልሄድኩም። ሁለት ልጆች አሉኝ፤ አያታቸው በምን እንደሞተች አያውቁም፣ እነሱም መታየት እንዳለባቸው አልነገርኳቸውም። ጊዜ አጥቼ አይደለም። እፈራለሁ።